የክረምት ዕረፍትና የአንድ ቀን ሽርሽር፦ ልጆችን በጤና ወስዶ በጤና መመለስ

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአብዛኛዎቹ የከተማ ልጆች ውሎ በቤት ውስጥ፣ ያውም ቴሌቪዥን ፊት ይሆናል። ዝናቡና ጭቃው ተጨምሮበት ሳይሯሯጡ ይከርማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ማድረግ እንዳለባቸው ይመክራል። ስለዚህ ቤተሰብን ይዞ አልፎ አልፎ ወጣ ማለት እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ይሁን እንጂ ከሽርሽር መልስ የሚመጣ ተቅማጥና ትኩሳት፣ ከዚህም የከፋው የውሃ አደጋ፣ ደስታውን ወደ ሐዘን ሊለውጠው ይችላል። አብዛኛው ግን አስቀድሞ በመዘጋጀት የሚወገድ ነው።

የት ይሂዱ?

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርቡ እንጦጦ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለእግር ጉዞና ለልጆች ጨዋታ የተመቸ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ስለሚያልፍ ከመሐል ከተማው በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ቅያሪ ካልሲ መያዝ ያስፈልጋል። አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ሳይዝ መውጣት የለበትም።

የዛፍ ጥላና ጸጥታ ለሚሹ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። በዚያ ጥድና ጉሬዛ ለልጆች ማሳየት ይቻላል። ነገር ግን ልጆች የዱር እንስሳትን በእጃቸው እንዲያበሉ አይፍቀዱ። ዝንጀሮም ሆነ ውሻ ልጅዎን ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይሉ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ሐይቅ ማየት ለሚፈልጉ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቢሾፍቱ አለች።

በክረምት ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቶ ዝናቡ ሳይይዝ መመለሱ ይመረጣል። ሰማዩ ደመና ቢሆንም በከፍታ ቦታ የፀሐይ ጨረር ቆዳን ይጎዳል፤ ለሕፃናት ባርኔጣ አይርሱ።

ምን ይብሉ? ምን ይጠጡ?

የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በሙቀት ከቆየ ተሕዋስያን በፍጥነት ይራቡበታል። ጠዋት ተሠርቶ በመኪና ውስጥ ታፍኖ የሚውል የሥጋ ወጥ፣ ክትፎ፣ አይብና ወተት ለመንገድ አይሆኑም። በምትካቸው ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ቴምር፣ ልጣጩ ያልተነሣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና ብርቱካን ይያዙ። ሳምቡሳ ካስፈለገ የምስር ይሁን፤ ጠዋት ተጠብሶ ሳይቆይ ይበላ። ቴምርና ሙዝ ለሚሯሯጥ ልጅ ፈጣን ጉልበት ይሰጣሉ፤ እንቁላልና ቆሎ ደግሞ ጠግቦ እንዲቆይ ያደርጋሉ። የስኳር ሕመምተኛ ወላጅ ካለ የምግብ ሰዓቱ እንዳይዛነፍ፣ ኢንሱሊኑም በጋለ መኪና ውስጥ እንዳይተው ጥንቃቄ ያድርጉ።

የመጠጥ ውሃ ከቤት መውሰድ ይመረጣል። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ አዲስ አበባ ላይ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። የምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ለእጅ መታጠቢያ አንድ ጄሪካን ውሃና ሳሙና ለብቻ ይያዙ።

መኪና የሚያስመልሳቸው ልጆች ከጉዞው በፊት ቅባት የበዛበት ቁርስ አይብሉ። መስኮት ተከፍቶላቸው ወደ ፊት አሻግረው ቢያዩ ይሻላቸዋል።

የሐይቅና የወንዝ ዳር ጥንቃቄ

የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኛዎቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ስለሆኑ ዳርቻቸው በድንገት ይጠልቃል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። ልጅ ሲሰምጥ ብዙውን ጊዜ አይጮህም፤ ድምፅ ሳያሰማ ይሰጥማል። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች እጅዎ ከሚደርስበት ርቀት አይውጡ። ሁሉም ሰው እያየ ነው ሲባል ማንም የማያይበት ጊዜ ስላለ ጠባቂውን በስም ለይተው በየተራ ይመድቡ፤ ተረኛውም ስልኩን ያስቀምጥ።

ዋና የማይችል ሰው ለማዳን ብሎ ዘሎ አይግባ። ገመድ፣ ነጠላ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ይወርውር። የወጣው ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ በእግሩ አንጠልጥሎ ወይም ሆዱን ተጭኖ ውሃ ለማስወጣት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ወዲያው 5 ጊዜ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ይስጡት፤ ካልተሻለው ደረቱን መሐል 30 ጊዜ ተጭነው 2 ጊዜ ትንፋሽ እየሰጡ እርዳታ እስኪደርስ ይቀጥሉ።

ወንዝ ዳር ከሆኑ ደግሞ ባሉበት ባይዘንብም ከላይ በዘነበ ዝናብ ደራሽ ውሃ ሊመጣ እንደሚችል ያስታውሱ። ወደ ዝዋይና ሐዋሳ የሚዘልቁ ቤተሰቦችም ልጆች በዳርቻው ውሃ እንዳይንቦራጨቁ ይጠንቀቁ፤ ቢልሃርዝያ በዚያ ይገኛል።

ከመልስ በኋላ

ቢሾፍቱን ጨምሮ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች ወባ ሊኖርባቸው ይችላል። አስተላላፊዋ ትንኝ በአብዛኛው የምትናደፈው ከመሸ በኋላ በመሆኑ ከመግሪብ በፊት መንገድ መጀመር ይበጃል። ከጉዞው ሳምንት ወይም ሳምንታት በኋላ ትኩሳት ከመጣ “ብርድ መታው” ብለው ሳይዘናጉ ደም ያስመርምሩ፤ የሄዱበትንም ቦታ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ተቅማጥ ለጀመረው ልጅ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ደጋግመው ይስጡት። ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱንም ከማንኪያው ጠርዝ አስተካክለው ለክተው ይበጥብጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ደም ከታየ ግን ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

እነዚህን ነገሮች አንድ ዘንቢል ውስጥ ማሰናዳት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። መልካም የክረምት ዕረፍት ይሁንልዎ!