የጥይት መለኮሻና መትከያው

የጥይት ነፍስ ያለችው ከቀልሃው ቂጥ መሃል በተተከለችው መለኮሻ ውስጥ ነው። መለኮሻዋ የምስር ፍሬ የምታህል የነሐስ ጽዋ ናት፤ ውስጧ ሲመታ በቅጽበት የሚነድ ቅመም አለ። ምላጭ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ ጽዋዋን ይመታል፣ እሳቷ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ይለኩሳል፣ የባሩዱ ጋዝ ደግሞ አረሩን ይገፋል። ከተኩስ በኋላ የሚቀረው ባዶ ቀልሃ ካልተሰነጠቀና ካልላላ አዲስ መለኮሻ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ሊቀበል ይችላል።

የጥንቱ ኢትዮጵያዊ ነፍጠኛ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ሁለቱን በአገሩ እጅ ያሠራ ነበር። ባሩዱ ከአፈር ከሚወጣ ጨው፣ ከድኝና ከከሰል ተወቅጦ ይዘጋጃል፤ አረሩም ከእርሳስ ወይም ከብረት ይበጃል። መለኮሻ ግን የኬሚስትሪና የፋብሪካ ሥራ ስለሆነች ከባሕር ማዶ ካልመጣች አትገኝም ነበር። በሚጨስ ገመድ የሚተኮሰው አሮጌ ጠመንጃ ሌላው ዓለም ከጣለው በኋላ በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ካገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ለእርሱ እሳት እንጂ መለኮሻ አያስፈልገውም።

ከዚያ ከኋላ የሚጎርሱት ጠመንጃዎች መጡ። ስማቸው እስከ ዛሬ በአማርኛ ውስጥ አለ፤ ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽርም ከኦስትሪያው ማንሊኸር የተወረሱ ናቸው። የውጅግራ ጥይት ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ጥይት ምን ያህል ሚዛን እንደሚያጋድል ዛሬ ሶዶና ተበላ ያሉበት የወላይታ ምድር በ1887 ዓ.ም. አይቶታል። የአፄ ምኒልክ ጦር ጠመንጃ ታጥቆ ሲመጣ የወላይታው ንጉሥ የካዎ ጦና ተዋጊዎች አብዛኞቹ የያዙት ጦርና ጋሻ ነበር፤ ካዎ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም የተመለከተውን በመጽሐፍ ጽፎታል።

ወደ መለኮሻዋ እንመለስ። መለኮሻ በሁለት ዓይነት ትሠራለች፤ ሁለቱም የተፈለሰፉት እ.ኤ.አ. በ1866 አካባቢ ነው። እንግሊዛዊው መኮንን ቦክሰር ቅመሙ የሚመታበትን ትንሽ መስፍ መለኮሻዋ ውስጥ አስገባው፤ ቀልሃው መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው። አሜሪካዊው በርዳን ደግሞ መስፉን የቀልሃው አካል አድርጎ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀዳዳ በግራና በቀኙ አወጣለት። የሚገርመው የእንግሊዛዊው ሥራ በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ደግሞ በአውሮፓና በምሥራቁ ዓለም ጦር ሠራዊቶች ዘንድ መንገሡ ነው። በቦክሰሩ ቀልሃ ያረጀችውን መለኮሻ በቀዳዳው በሚገባ ዘንግ ገፍቶ ማውጣት ቀላል ነው፤ በርዳኑ ግን ያስቸግራል። በአሜሪካ ለኢላማና ለአደን ቀልሃ መልሶ መሙላት የብዙ ሰው የቤት ውስጥ ሥራ የሆነው ሕጉ ስለፈቀደ ብቻ ሳይሆን ቀልሃው ስለተመቸም ነው።

አዲሷን መለኮሻ ቦታዋ የሚያስገባው መሣሪያ ሦስት ዓይነት ነው፤ በእጅ የሚጨበጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ቀልሃ የሚሞላበት ዋናው መጭመቂያ ላይ የሚገጠም። መጭመቂያ ላይ የሚገጠመው ዋጋው ረክሶ ሥራውን ይሠራል፤ ጉልበቱ ግን ትልቅ ስለሆነ መለኮሻዋ መቼ ታች እንደደረሰች ለእጅ አይናገርም። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። መለኮሻ ከቀልሃው ቂጥ ወለል በአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ዝቅ ብላ መቀመጥ አለባት። ከወለሉ ወጣ ካለች አደጋ ታመጣለች፤ ታች ሳትደርስ ከቀረች ደግሞ የመርፌው ምት እርሷን በመግፋት ይባክንና ጥይቱ ይከሽፋል።

በእጅ የሚጨበጠው መሣሪያ የተወደደው ለዚህ ነው። አውራ ጣት ወይም መዳፍ ማንሻውን ሲጫን መጀመሪያ መለኮሻዋ የጎድጓዳውን ግድግዳ እየታከከች ስትገባ ይሰማል፤ ቀጥሎ እንደ ድንጋይ ያለ መቆሚያ ይገኛል። በጣም ቀልላ የምትገባ ከሆነ ቀልሃው አርጅቷል ማለት ነው፤ ይጣላል። ይህን የሚያስተውለው እጅ ያልደከመ እጅ ነው። መቶ ቀልሃ ማለት መቶ ጭብጥ ስለሆነ ምቾት ቅንጦት አይደለም። እንሰት ስትፍቅ የምትውል የወላይታ እናት መፋቂያዋ ካልተመቻት እጇ በመጀመሪያው ሰዓት ይነግራታል፤ እዚህም ልኩ ያው ነው። ማንሻው ለመዳፉ ሰፊ፣ ለጣቶቹ ርዝመት የሚስማማ፣ ጠርዙ የማይቆርጥ ይሁን። ትንሽ እጅ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ረጅሙ ማንሻ የጣትን ሥራ ለክንድ ይሰጣል።

ጥንካሬን የሚወስኑት የተደበቁት ቦታዎች ናቸው። ቀድመው የሚያልቁት ማንሻው የሚዞርበት ብሎንና መለኮሻዋን የሚገፋው ዘንግ ናቸው፤ ሁለቱ ከብረት የተሠሩና በቀላሉ የሚቀየሩ መሆናቸው ይታይ። ማንሻው ተሰባሪ ከሆነ ቅይጥ ከተሠራ አንድ ቀን ከመዞሪያው ላይ ይሰነጠቃል። መለኮሻዎቹ የሚደረደሩበት ሳህን ፕላስቲክ ቢሆን ችግር የለውም፤ ክዳኑ ግን የተሟላ ይሁን፣ በሳህኑና በመትከያው መካከልም መለያ ይኑረው። አንዲት መለኮሻ ስትፈነዳ ሌሎቹን ይዛ እንዳትሄድ የሚያደርገው ያ መለያ ነው። ትንሹና ትልቁ መለኮሻ 4.45 እና 5.33 ሚሊሜትር ስፋት ስላላቸው መሣሪያው ለሁለቱም ዘንግ ይዞ ቢመጣ ይመረጣል። ለጥቂት ጥይት ከብረት የተሠራ የእጅ መሣሪያ፣ ለብዙ ደግሞ የጠረጴዛው ተመራጭ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ መለኮሻ በኃይል ተደቁሳ አትገባም፤ የዓይን መከላከያ መነጽርም ሳይደረግ ሥራው አይጀመርም። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በሕግ ያስጠይቃል። በሜዳ ላይ ያልተተኮሰ ጥይት ያገኘ ሰው መለኮሻዋን በሚስማር ከመነካካት ይቆጠብ፤ ልጆችንም ያርቅ፤ በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ያሳውቅ።