ትሪቶፕስ፦ ዝሆን ሰውን የሚጎበኝበት ማደሪያ

ስለ ትሪቶፕስ የሰማ ሰው ሁሉ የሰማው አንድ ታሪክ ነው፤ ኤልሳቤጥ ልዕልት ሆና ዛፍ ላይ ወጣች፣ ንግሥት ሆና ወረደች። ለጆሮ የሚጥም ወሬ ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ ትንሽ ይርቃል። አባቷ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1952 ጠዋት እንግሊዝ አገር አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። በእንቅልፉ እንዳለ ስላረፈ ነፍሱ የወጣችበትን ሰዓት ያየ የለም። ልጁ መርዶውን የሰማችው ከዛፉ ማደሪያ ወርዳ ሳጋና ወደሚባለው ማረፊያዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከባለቤቷ ከፊሊፕ አፍ ነው። ዘውዱ ወደ እሷ ሲዞር ገና ዛፉ ላይ ነበረች ወይስ አልነበረችም ለሚለው ጥያቄ በልበ ሙሉነት የሚመልስ የለም። ወሬው የሚያስቆጨው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ያን ሌሊት እዚያ ሰገነት ላይ የሆነውን ነገር ስለሸፈነው ነው። የ25 ዓመቷ እንግዳ ጨው ሊልሱ የመጡ አውራሪሶችን ቁልቁል ስትመለከት አመሸች፤ የ76 ዓመቱ አዳኝና ጸሐፊ ጂም ኮርቤት ደግሞ መሰላሉ ራስ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ አነጋ። ዘውዱን ለታሪክ ጸሐፊዎች ትተን ስለዚህ ቁጭ ብሎ ስለማየት ብናወራ ይሻላል።

ትሪቶፕስ ማዕከላዊ ኬንያ ውስጥ፣ በአበርዴር ተራሮች ግርጌ፣ ከኒዬሪ ከተማ አጠገብ ያለ የአራዊት መመልከቻ ማደሪያ ነው። በ1932 ኤሪክ ሸርብሩክ ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ ባለ ሆቴል፣ የአካባቢው ሕዝብ ኪኩዩዎች ሙጉሞ ብለው በሚያከብሩት ዓይነት ትልቅ ዛፍ ላይ፣ ከኩሬ ፊት ለፊት ሁለት ክፍል ቀለሰ። ብሔራዊ ፓርኩ የተከለለው ከዚያ በኋላ፣ በ1950 ነው። የማደሪያው የቆየ ሥርዓት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። እንግዳው ኒዬሪ በሚገኘው አውትስፓን ሆቴል ምሳውን በልቶ፣ ትልቁን ሻንጣ እዚያው ትቶ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ደኑ ይወሰዳል፤ ከዚያ እስኪነጋ ድረስ መውጣት የለም። በድሮው ዘመን የመጨረሻው መንገድ ጠመንጃ ከያዘ አዳኝ ጋር በእግር የሚሄዱት ነበር፤ ጎሽ ድንገት ብቅ ቢል የሚወጣበት መሰላል በየዛፉ ግንድ ላይ ተቸንክሮ ነበር። ሻይ ሰገነት ላይ ይቀርባል፣ ዝንጀሮዎች ኬክ ይነጥቃሉ፣ ራት ይበላል፣ ይመሻል። የቀረው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው።

ሳፋሪ ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው መኪና ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ማዳረስ፣ ብዙ ዓይነት እንስሳ ማየት። በዚህ ስሌት ከሄድን አንድ ኩሬ ዳር ተቀምጦ ማደር የሰነፍ ሳፋሪ ነው። እኔ ግን የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። በመኪና የሚዞር ሰው በአብዛኛው የሚያየው እንስሳው መኪና ሲያይ የሚሆነውን ነው፤ ቀና ይላል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። እንስሳት እርስ በርሳቸው ምን እንደሆኑ ለማየት ግን ሰዓታት ያስፈልጋሉ። ኩሬውን የሞሉት ጎሾች የዝሆን መንጋ ሲመጣ ቀስ እያሉ ቦታ ይለቃሉ። ድኩላ ከጫካው ጠርዝ ላይ አንድ እግሯን አንስታ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትመጣለች፤ ውሃው ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅባት ጊዜ ለመጠጣት ከሚፈጅባት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን በመኪና የሚያይ የለም፤ መኪናው ገና እግሯን ስታነሳ ሄዷል። ሌላ ማስረጃ ልጨምር። ጥቁር አውራሪስ ብቸኛና ግልፍተኛ ነው ተብሎ በየመጽሐፉ የተጻፈለት እንስሳ ነው። ቢቢሲ በ2013 «አፍሪካ» በሚል ተከታታይ ፊልም ያሳየው ግን ሌላ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ በአንድ የውሃ ጉድጓድ ዳር፣ በከዋክብት ብርሃን መቅረጽ በሚችል ካሜራ፣ አውራሪሶች በጨለማ ተሰብስበው አፍንጫ ለአፍንጫ ሲነካኩና ሲተዋወቁ ታዩ። በቀን ብቻውን ቁጥቋጦ ሥር የሚቆመው እንስሳ ማታ ማታ ጓደኛ ነበረው። ካሜራው ቢረቅም፣ ያን ያስገኘው ሰዎቹ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠው ማደራቸው ነው።

ታዲያ አራዊቱ ለምን ወደዚያ ኩሬ ይመጣሉ? ውሃ ፍለጋ ብቻ ቢሆን አበርዴር ዝናብ የማያጣው፣ ጅረት የሞላበት አገር ነው። መልሱ ጨው ነው፤ ይህን ደግሞ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው። ከብቶቹን በየጊዜው ሆራ የሚያወርድ፣ ወይም አሞሌ የሚያስልስ ገበሬ ምክንያቱን ሳይንሱ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ያልላሰች ላም ወተቷ ይቀንሳል፣ አጥንትና ጨርቅ ማኘክ ትጀምራለች። ብዙ ዝናብ የሚወርድበት ደጋ መሬት ሶዲየሙ እየታጠበ ይሄዳል፤ ሣሩና ቅጠሉ ለምለም ቢሆንም የሚሰጠው ጨው ትንሽ ነው። ሥጋ በል እንስሳ የሚያስፈልገውን ከሚበላው ደምና ሥጋ ያገኛል። ቅጠል በል የሆነው ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ ግን መሬት መቆፈርና አፈር መላስ አለበት። ዝሆን አፈሩን በጥርሱ ይፈነቅላል፣ ጓሉን በእግሩ ይሰባብራል፣ ከዚያ በኩምቢው ጫፍ እየለቀመ ወደ አፉ ይልካል። ይህን ሁሉ ሳይቸኩል ነው የሚያደርገው፤ ውሃ በደቂቃ ይጠጣል፣ ጨው ግን ጊዜ ይወስዳል። እንግዳ ዝሆንን ረጅም ሰዓት ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ወደ ትሪቶፕስ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይወቅ ቢባል ከንግሥቲቱ ይልቅ ይህን ባወቀ እላለሁ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው የሚለው አያጣም፤ ጨው ሰው እየነሰነሰ፣ ኩሬው ላይ መብራት እየበራ የሚታይ ነገር ቴአትር እንጂ ዱር አይደለም። መብራቱን በተመለከተ ሙግቱ ብዙ አይሄድም፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠን የሚበራ መብራትን አራዊት ይለምዱታል። የሚያስደነብራቸው ድንገተኛው ነገር ነው። ጨው ላይ ግን ተቃዋሚው እውነት አለው። በአንድ ቦታ ብዙ ዝሆን መሰብሰብ ዛፍ ያስጨርሳል፤ በትሪቶፕስ ዙሪያ የነበረው ደን በዓመታት ውስጥ ተመናምኖ ገላጣ ሜዳ ሆኖ ታይቷል። በዛፍ ስም የሚጠራ ቤት ዛፉን ያጣበት ሁኔታ ማንንም ሊያሳፍር ይገባል። ሆኖም ይህ ጨው ማብዛትን የሚከስ ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅን አይከስም። የተፈጥሮ ሆራ ባለበት ቦታ የተሠራ ማደሪያ ያው ሌሊት ያለ ጉዳቱ ይኖረዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። የመጀመሪያው ዛፍ ላይ ቤት የተሠራው፣ ኪኩዩዎች ከለም መሬታቸው እየተገፉ ነጭ ሰፋሪ በሚተካበት አገርና ዘመን ነው። ቅኝ አገዛዙን የተቃወሙት የማው ማው ተዋጊዎች ያንኑ ደን መሸሸጊያ አድርገው ሲዋጉ ቤቱ በ1954 ተቃጠለ። መሪያቸው ደዳን ኪማቲ በኦክቶበር 1956 በዚያው ደን ጠርዝ ቆስሎ ተያዘ፤ በፌብሩዋሪ 1957 ተሰቀለ። ትሪቶፕስ በዚያው በ1957 ከኩሬው ማዶ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ፣ ከቀድሞው ሰፍቶ እንደገና ተሠራ። አንዱ አገር የሐዘን ዓመት የሚለውን ሌላው የመክፈቻ ዓመት አደረገው። ይህን ሳይናገር የንግሥቲቱን ፎቶ ብቻ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ማደሪያ እንግዳውን ግማሽ ያስተምራል። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ ሌሊቱ ራሱ የቅኝ ገዢ ቅንጦት ነው ማለት አያስኬድም። ሌሊት በጨለማ ውስጥ የአራዊትን ኮቴ መለየት ከማንም በፊት የዚያ ደን ሰዎች ዕውቀት ነበር፤ ኪማቲና ጓደኞቹ ዓመታት የኖሩት በእሱ ነው። ደኑ ዛሬ የቆመውም በአገሩ መንግሥት፣ በአገሬው ሰውና በበጎ አድራጊዎች ጥረት ነው። ራይኖ አርክ የተባለው ድርጅት የጀመረውና ተራራውን የከበበው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የኤሌክትሪክ አጥር በ2009 ተጠናቆ፣ ዝሆን ከገበሬው ማሳ፣ መጥረቢያም ከደኑ እንዲርቅ ረድቷል።

የቀረው ተቃውሞ የተራ እንግዳ ቅሬታ ነው፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ ያውም ምንም ላይመጣ ይችላል። ሁሉም ትክክል ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያልያዘ ይንቀጠቀጣል። ክፍሎቹ መርከብ ላይ እንዳሉት ክፍሎች ጠባብ የሆኑት ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጥ ስላልታሰበ ነው። ምንም ላይመጣ መቻሉ ደግሞ መካነ እንስሳት ባለመሆኑ ነው። ትዕግሥት የሚያስጨርሰኝ ሌሊቱን እንግዳው ራሱ ሲያበላሸው ነው። የእንጨት ወለል ላይ በጫማ መራመድ እስከ ኩሬው ይሰማል፤ ነጠላ ጫማ ወይም ካልሲ በቂ ነው። የካሜራ ፍላሽ ብርሃኑ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። በመስኮት በኩል ሲሆን መስታወቱን ብቻ ነጭ አድርጎ ያሳያል፤ አውራሪሱን አይነካውም፣ ጎረቤትን ግን ለደቂቃዎች ያሳውራል። ለዝንጀሮ ብስኩት መወርወር ደግሞ ነገ የሚመጣውን እንግዳ ማስዘረፍ ነው፤ አንዴ ከሰው እጅ የቀመሰ ዝንጀሮ ሁለተኛ ጊዜ አይለምንም፣ ይወስዳል።

ትሪቶፕስ በዚያው በአበርዴር፣ በኖኅ መርከብ ቅርጽ የተሠራ ዘ አርክ የተባለ ታናሽ ወንድም አለው። እዚያ ለሚተኛ ሰው መላ ተዘይዷል፤ በየክፍሉ ደወል አለ፣ የሌሊቱ ዘበኛ ትልቅ እንስሳ ሲመጣ ይደውላል፣ የጥሪው ብዛትም የመጣው ማን እንደሆነ ይናገራል። ደወሉን ማጥፋትም ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ለሌሊቱ መዘጋጀት ሲችል ሲያወራ ውሎ፣ ደወሉን አጥፍቶ ተኝቶ፣ ቁርስ ላይ «ምንም አላየንም» የሚል እንግዳ ቅሬታውን እስኪነጋ ቆሞ ላደረው ዘበኛ ባያቀርብ ደግ ነው።