የካንጋተን ጥያቄና የሰኔ 30 ገደብ፦ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ እንዴት ተመድቦ እንዴት ይወጣል?

በደቡብ ኦሞ ዞን የኛንጋቶም ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ካንጋተን በታችኛው የኦሞ ሸለቆ፣ በወንዙ አጠገብ ትገኛለች። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ካጥለቀለቀ በኋላ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ መዝራት፣ ከብትና ፍየል ከማርባት ጋር ተዳምሮ፣ የኛንጋቶምና የጎረቤቱ የዳሰነች ሕዝብ የቆየ የኑሮ ዘዴ ነው። ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን የወንዙ ጠባይ እንደ ቀድሞው አይደለም። በመሆኑም አዳዲስ ጥያቄዎች ተነሥተዋል፦ ደለሉ በማይመጣበት ዓመት የትኛው የማሽላ ዝርያ ይሻላል? በቆላ ዝንብ የሚመጣው ገንዲ ከብቱን በየትኛው ወር ይበልጥ ያጠቃል? የግጦሹ ድንበር ወደ ኬንያና ወደ ደቡብ ሱዳን ሲሻገር ክትባቱን ማን ይሰጣል?

እነዚህ ጥያቄዎች በምርምር ካልሆነ በቀር መልስ አያገኙም፤ ምርምር ደግሞ ያለ ገንዘብ አይሠራም። ስለ በጀት በዚህ የጥናት መድበል መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የሕዝብ ገንዘብ ከየት ገብቶ ለማን እንደሚወጣ መጠየቅ በእስልምና ዕውቀት ውስጥ ሰፊ ስፍራ ያለው ርዕስ ከመሆኑም በላይ፣ ከኡስታዞቻችንና ከኢማሞቻችን መካከል በየቤቱ ያሉትን የዓረብኛና የዐጀም ብራናዎችና ኪታቦች ለማጥናት የዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሚሹ ጥቂት አይደሉም። ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ሳያውቁ መጠየቅ ደግሞ ሰዓቱን ሳያውቁ ለሶላት እንደ መቆም ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጀት የሚጀምረው ከገንዘብ ሚኒስቴር በሚላክ የበጀት ጥሪና ጣሪያ ነው። ተቋሙ በጣሪያው ሥር ሆኖ ዕቅዱን በፕሮግራም ከፍሎ ያቀርባል፦ መማር ማስተማር፣ ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ አስተዳደር። ጥያቄው ተመርምሮ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ካለፈ በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ደመወዝ፣ የተማሪዎች ምግብና መኝታ፣ የግንባታ ክፍያ አይነኬ ወጪዎች ናቸው፤ ተማሪ ራቱን ሳይበላ አያድርምና። የጣሪያው ልክ ሲጠብ በቅድሚያ የሚቀነሰው የምርምሩ ድርሻ ነው። ይህን ማንም ክፉ ስለሆነ አያደርገውም፤ ምርምር ቢቀር በዚያው ዓመት የሚጮኽ ሰው ስለሌለ ብቻ ነው።

አገራዊው ልክም ያው ነው። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ከጠቅላላ አገራዊ ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምር ለማዋል ተስማምተዋል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ደግሞ 1.5 በመቶን ግብ አድርጓል። በዩኔስኮ አኃዝ መሠረት ግን አገሪቱ ለምርምርና ልማት ያወጣችው በ2013 እ.ኤ.አ. 0.61 በመቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. 0.27 በመቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በተልዕኮ ሲለዩም የምርምር ዩኒቨርሲቲ የተባሉት ስምንት ናቸው፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ መቐለ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያና አርባ ምንጭ። አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጂንካ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ክፍፍሉ ስንፍናን ለመከላከልና ሀብትን ለማሰባሰብ የታሰበ መሆኑን እንረዳለን፤ ሆኖም ለካንጋተን የሚቀርበው ዩኒቨርሲቲ ጂንካ ነው፣ ጥያቄውንም ጠዋት ማታ የሚሰማው እርሱ ነው።

ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ የቀን መቁጠሪያው የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ አንድ የእንስሳት ሕክምና መምህር ስለ ገንዲ የጥናት ሐሳብ አቀረበ እንበል። ጥሪው በመስከረም ይወጣል፣ ገምጋሚዎች በኅዳር ያያሉ፣ ውሉ በታኅሣሥ ይፈረማል፣ የመመርመሪያ ዕቃ ግዥው ጨረታ ይጠይቃል። ዕቃው የሚደርሰው መጋቢት ከሆነ፣ በደቡብ ኦሞ ዋነኛው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ መንገዱ ይጨቀያል፣ አርብቶ አደሩም ከብቱን ይዞ ይሄዳል። ናሙናው ግንቦት ላይ ቢሰበሰብ ለትንተና የቀረው አንድ ወር ነው። ሰኔ 30 ሲመጣ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ ተመራማሪው በሐምሌ እንደገና ከመጀመሪያው ይጠይቃል። ሁለት የዝናብ ወቅት ማነጻጸር የሚፈልግ ጥናት በዚህ አካሄድ ከቶ አይጠናቀቅም። ሰኔ ሲቃረብ የሚታየው የዐውደ ጥናትና የግዥ ጥድፊያም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ገንዘቡ እንዳይመለስ ይወጣል እንጂ ሥራው ስለ ደረሰ አይወጣም።

ደረሰኝስ? ወንዝ ለሚያሻግር ባለ ጀልባ፣ ከአማርኛ ወደ ኛንጋቶም ቋንቋ ለሚያስተረጉም ወጣት፣ ሽማግሌዎች ለተሰበሰቡበት ጥላ ለሚታረደው ፍየል ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። የውሎ አበሉ ልክ በመመሪያ የተወሰነ ነው፤ የመስኩን ሩቅነት ሁሉ አይመዝንም። ኦዲተሩ ደግሞ ማስረጃ ቢጠይቅ ተሳስቷል አንለውም፤ የተጠበቀው የሕዝብ አማና ነውና። በእኛ አስተያየት ጉድለቱ ያለው ደንቡ የተቀረጸው ሱቅና ማተሚያ ማሽን ላለበት ከተማ መሆኑ ላይ ነው። በጣት አሻራና በሦስት እማኝ የተረጋገጠ ክፍያን የሚቀበል፣ ጣሪያ የተበጀለት አሠራር ቢኖር አማናውም ይጠበቃል፣ ተመራማሪውም ሐሰተኛ ወረቀት ከመፈለግ ይድናል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ተብሎ በሕግ የተጻፈ ነገር አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘባቸውን በጥቅል በጀት ተቀብለው እንደ ዕቅዳቸው እንዲያዛውሩት የታሰበ ቢሆንም፣ በተግባር ሒሳቡ በየመደቡ ተቆጥሮ ሲሰጥ ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. ወደ ራስ ገዝነት የሚያሸጋግረው አዋጅ ወጣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ጎዳና የመጀመሪያው ሆነ። የራስ ገዝነት መልካም ገጹ ገንዘብን ከዓመት ወደ ዓመት ማሻገር መቻል ነው። አስፈሪው ገጹ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ገቢ፣ ሕንጻና ስም ያካበተው ትልቅ ተቋም ሲያድግ፣ ከተመሠረተ ብዙ ያልቆየው የዳር አገር ዩኒቨርሲቲ ከገበያ ምን ይሰበስባል የሚለው ነው።

በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን የኢራቅ ለም መሬት (ሰዋድ) በተከፈተ ጊዜ የተነሣው ክርክር እዚህ ላይ ይረዳናል። ቢላልና ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መሬቱ ለዘማቾቹ እንዲከፋፈል ጠየቁ። ዑመር ግን ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት ትውልዶች ድርሻ ምን ይሆናል ብለው ተሟገቱ፤ በሱረቱል ሐሽር ስለ ኋለኞቹ የሚናገረውን አንቀጽም መረጃ አደረጉ። መሬቱ በባለይዞታዎቹ እጅ ቀርቶ ኸራጅ እንዲጣልበት ተወሰነ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የታሪኩ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው፦ ግብሩ ከመጣሉ በፊት ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍና ሑዘይፋ ኢብኑል የማን ተልከው መሬቱን ለኩ፤ አቡ ዩሱፍ ለሃሩን አር-ረሺድ በጻፈው ኪታቡል ኸራጅ እንደሚገኘው ልኩ 36 ሚሊዮን ጀሪብ ሆነ። ይህ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የመስክ ጥናት ነው፤ ወጪው የተከፈለው ከውሳኔው በፊት እንጂ ውሳኔው ከከሸፈ በኋላ አልነበረም።

ወቅፍ በበኩሉ ሌላ መልክ አለው። መነሻ ሀብቱ ሳይነካ ፍሬው ብቻ ስለሚወጣ ሰኔ 30 የሚባል ነገር አያውቅም። ይሁን እንጂ የሰጪው ሸርጥ ከገንዘቡ ጋር አብሮ ይመጣል። ኒዛሙል ሙልክ ያቋቋመውና በ1067 እ.ኤ.አ. በባግዳድ የተከፈተው ኒዛሚያ መድረሳ ለሻፊዒይ መዝሀብ የታሰበ ነበር፤ ሌላው መዝሀብ የራሱን ሰጪ መፈለግ ነበረበት። ኦሞም ይህን ታሪክ በራሱ መንገድ አይቶታል። በ1967 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች ወደ ሸለቆው መጡ፤ በሪቻርድ ሊኪ የተመራው ቡድን በኪቢሽ ያገኛቸው የራስ ቅሎች ዛሬ 200 ሺህ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደሆናቸው ይታመናል። ሸለቆውም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገበ። ለዕውቀት ታላቅ ስጦታ ነው፤ ሆኖም ከውጭ የመጣ ገንዘብ የጠየቀው የራሱን ጥያቄ ነበርና የኪቢሽ ሕዝብ ፍየል ለምን እንደሚሞት የመመርመር ግዴታ አልነበረበትም። ያ ግዴታ የአገሬው ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው።

የእስልምና ጥናትን የሚመለከተው ጉዳይ ላይ ስንደርስ ወሰኑ ግልጽ መሆን አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ስለዚህ የሕዝብ በጀት ለዳዕዋ ወይም ለመድረሳ ትምህርት አይጠየቅም። የብራና ጥበቃ፣ የዐጀም ጽሑፍ ታሪክ፣ የወሎ ሊቃውንት ማዕከላት አመሠራረት፣ የአርብቶ አደር ሙስሊም ማኅበረሰብ የሽምግልና ሥርዓት ግን በታሪክ፣ በቋንቋና በማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል ሥር የሚቀርቡ ጥናቶች ናቸው። ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው መቶ ዘመን ወሎ እስልምና የሠራው ጥናት የታሪክ ምሁር ሥራ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

የወሎ ሊቃውንት ግን የመንግሥት በጀት አላዩም። ደረሳው መንደሩ በሚሰጠው እህል ይኖር ነበር፤ ሸይኹም በግብርናው ወይም በነዝር ይኖሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት አዋጆች ከወጡ በኋላ በኪራይና በመሬት ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ የሃይማኖት ተቋማት ይህን ምንጭ አጡ፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑም በቀድሞው መልክ መሬትን ወቅፍ ማድረግ ዛሬ አይቻልም። የሚቻለው ሕንጻን፣ የገንዘብ ክምችትን ወይም የንግድ ድርሻን ማዋል ነው። ይህ ሲሆን መንግሥት በሕግ ሊከፍለው የማይችለውን ክፍል፣ ማለትም የደረሳውን ቀለብ፣ የኪታብ ማስተማሩን፣ የሸይኹን ጊዜ፣ ወቅፉ ይሸፍናል፤ ካሜራውን፣ የብራና ሳጥኑንና የመስክ ጉዞውን ዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። በአንድ የጥናት ሐሳብ ውስጥ ሁለቱ ምንጮች ሲገቡ በተለያየ የሒሳብ መዝገብ መያዝ አለባቸው፤ የወቅፍ ብር በውሎ አበል ስም፣ የመንግሥት ብር በነዝር ስም መውጣት የለበትም።

በጂንካና በአካባቢው የምትገኙ ኢማሞችና ኡስታዞች ከዩኒቨርሲቲው ጋር ለመሥራት የምታስቡ ከሆነ፣ ደብዳቤያችሁን ጥሪው ከወጣ በኋላ አትጻፉ። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በጥርና በየካቲት ይዘጋጃልና ክፍሉን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የኪታቦቹን ብዛት፣ የባለቤቶቹን ፈቃድና የቦታውን ርቀት በአንድ ገጽ ዘርዝራችሁ ስጡ። ከካንጋተን የሚመጣ ጥያቄ ካለም፣ የወንዙ መሸሻ ወር፣ የዝናቡ ወርና የከብቱ መንቀሳቀሻ ወር ከአጠገቡ ይጻፍ፤ ገምጋሚው የጊዜ ሰሌዳውን የሚያስተካክለው በእነዚህ ሦስቱ ነው።