ቤት ትምህርት ቤት ሲሆን
በመጸው ወራት ልጆቻቸውን በቤት ስለሚያስተምሩ ወላጆች



ልጅን ማስተማር የማን ሥራ ነው ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ሳናመነታ «የትምህርት ቤት ነዋ!» እንላለን። ልጁን አጥበንና አልብሰን፣ ደብተርና እርሳስ ገዝተን እስከ በሩ ካደረስነው በኋላ የቀረው የመምህሩ ድርሻ ይመስለናል። በአሜሪካ ግን ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ፣ ከፊደል አንሥተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ፍጻሜ ድረስ በገዛ ቤታቸው ያስተምራሉ። ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍልና ለእኛም ምን ሊጠቅመን እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመለከታለን።

የምጽፈው በንባብ ያገኘሁትን ብቻ አይደለም። ለሥልጠና ወደ ፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት በሄድሁበት ዓመት፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ እንዲህ ባለ ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። አባት አናጢ ናቸው፤ እናትም ልጅ ከመውለዳቸው በፊት ነርስ ነበሩ። የ13 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ10 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጅና ገና ሦስት ዓመት የሞላው ሕፃን አሏቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከየት መጣ?

በአሜሪካ የግዴታ ትምህርት ሕግ በመጀመሪያ የወጣው በ1852 በማሳቹሴትስ ነው። በመጨረሻም በ1918 ሚሲሲፒ ስትቀበለው በአገሪቱ ሁሉ ተዳረሰ። ከዚያ በፊት ብዙ ልጆች ማንበብና መቁጠር የተማሩት በምድጃ ዳር ከወላጆቻቸው ነበር። ከሕጉ በኋላ ግን ልጁን በቤት የሚያስተምር ወላጅ በብዙ ስፍራ እንደ ሕግ ተላላፊ ይታይ ጀመር።

ነገሩ እንደገና የተነሣው በ1970ዎቹ ነው። ጆን ሆልት የተባለ መምህርና ደራሲ በ1977 በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በ1980ዎቹም ብዙ ወንጌላውያን ቤተሰቦች በዘዳግም ምዕራፍ 6 ለወላጆች የተሰጠውን ትእዛዝ እየጠቀሱ ወደዚሁ መንገድ ገቡ። በ1993 በሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ሆነ። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። መንግሥት ወላጆችን ሲጠይቅ ብዙዎቹ የሚጠቅሱት በትምህርት ቤት ስላለው ሁኔታ፣ ማለትም ስለ ደኅንነት፣ ስለ አደገኛ ዕፅና ስለ ክፉ ባልንጀርነት ያላቸውን ሥጋት ነው።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በዘጋ ጊዜ ቁጥሩ ባንድ ጊዜ አሻቀበ። የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት እንደ ገለጸው፣ የትምህርት ዕድሜ ልጆች ካሏቸው ቤቶች መካከል በቤት የሚያስተምሩት በዚያ ዓመት በጸደይ ከመቶ 5.4 ነበሩ፤ በመጸው 11.1 ሆኑ። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ደግሞ ከ3.3 ወደ 16.1 ከፍ አለ።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። በቴክሳስ ወላጅ ለማንም ማስታወቅ አይጠበቅበትም። ፔንስልቬንያ በ1988 ያወጣችው ሕግ ግን ጠበቅ ያለ ነው። የሚያስተምረው ወላጅ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ መሆን አለበት። የሚያስተምረውን ዘርዝሮ በየዓመቱ ለወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በቃለ መሐላ ያስታውቃል። በዓመት 180 ቀን ማስተማር፣ ወይም በአንደኛ ደረጃ 900፣ በሁለተኛ ደረጃ 990 ሰዓት መሙላት ይገባዋል። የልጁ ሥራ በማኅደር ተሰብስቦ ይቀመጥና በዓመቱ መጨረሻ ብቃት ያለው ገምጋሚ ልጁን አነጋግሮ ማኅደሩንም አይቶ በጽሑፍ ይመሰክራል። በሦስተኛ፣ በአምስተኛና በስምንተኛ ክፍል ደግሞ ፈተና አለ። እንግዲህ በቤት ማስተማር ማለት እንደ ልብ መዋል ማለት አይደለም።

የመጸው ወራት ውሎ

የእኛ መጸው ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአበባ የሚሸፈንበት፣ እህሉም የሚያሸትበት ጊዜ ነው። የእነርሱ መጸው ቅጠል የሚረግፍበትና ቀኑ የሚያጥርበት፣ ለብርዱ ወራት የሚሰናዱበት ወቅት ነው። በዚያ ቤት ትምህርቱ ከዚህ ዝግጅት ጋር አብሮ ይሄዳል።

ጧት ከቁርስ በኋላ አጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና ጸሎት ይደረጋል። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሲሆን የምግብ ጠረጴዛው ተጠርጎ መጻሕፍቱ ይወጣሉ። ሒሳብና ንባብ ይቀድማሉ፤ አእምሮ ትኩስ ነውና። ታላቂቱ ብቻዋን ትሠራለች፤ ሲከብዳት ትጠይቃለች። መካከለኛዋ ቃል እየተነበበላት ትጽፋለች። ሕፃኑ ከጠረጴዛው ሥር በእንጨት ቁርጥራጭ ቤት ይሠራል፤ አንዳንዴም እያለቀሰ ሁሉንም ያስተጓጉላል። እስከ ምሳ ድረስ የመጻሕፍቱ ሥራ ያልቃል።

ከሰዓት በኋላ ያለው ትምህርት ሥራ ነው። በመስከረም መጨረሻ ከጎረቤት እርሻ አሥር ሣጥን ፖም ገዙ። ልጆቹ አጥበው፣ ልጠው፣ ቀቅለው በብርጭቆ ዕቃ አሸጉት። መካከለኛዋ ልጅ በመስፈሪያቸው አንድ ጋሎን አራት ኳርት መሆኑን ይዛ ድስቱ ስንት ዕቃ እንደሚሞላ አስቀድማ እንድታሰላ ታዘዘች። የታሸገው ሲበርድ ክዳኑ «ጧ» እያለ ለምን ወደ ውስጥ እንደሚሰረጉድ ታላቂቱ ለታናናሾቿ አስረዳች፤ በውስጡ ያለው ትኩስ አየርና እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ስለሚኰማተር የውጪው አየር ይጫነዋል። አንዱን ፖም በወርዱ ቈርጠው ዘሩ በአምስት ክፍል እንደ ኮከብ ተደርድሮ አዩ።

በጥቅምት የዛፎቹ ቅጠል ቢጫና ቀይ ሲሆን ልጆቹ ለቅመው በከባድ መጽሐፍ መካከል ያደርቁና ከሥሩ ስሙን ይጽፋሉ። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ነገር ቀኑ ሲያጥር ይፈርሳል፤ ቢጫው ቀለም ግን ቀድሞም በውስጡ ተሸፍኖ የነበረ ነው። ቀዩ በአመዛኙ በዚያው ወቅት አዲስ የሚሠራ ነው።

አንድ ቀን ወደ ሆክ ማውንቴን ሄድን። ይህ ተራራ በመጸው ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ጭልፊቶችና ንስሮች የሚያልፉበት ነው። ቀድሞ አዳኞች በብዛት ይገድሏቸው ነበር። በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባሉ ሴት ስፍራውን ለአዕዋፍ መጠበቂያ አደረጉት። በመጸው ወራትም አላፊው ወፍ ይቈጠራል። ልጆቹም በደብተራቸው ሲቈጥሩ ዋሉ። መካከለኛዋ ልጅ «ወደ እናንተስ አገር ወፍ ይመጣል?» አለችኝ። በእነዚሁ ወራት ከአውሮፓ ሽመላና ሌሎችም አዕዋፍ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን እንደሚወርዱ ነገርኋት። ማታ በካርታ ላይ መንገዳቸውን በእርሳስ ስታሰምር አየኋት።

በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ሲመሽ ገና 11 ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ምክንያት አባት በኳስና በፋኖስ መሬት በ23 ዲግሪ ተኩል ያህል ዘንበል ብላ ፀሐይን እንደምትዞር አሳዩ። እኔም በኢትዮጵያ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባሉ ጥቂት ስለሚቀራቸው ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጣት ጀምረን እንቈጥራለን ብዬ ነገርኋቸው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለ እሳት አደጋ መከላከል ማስተማርንም ያዝዛል። ይህንን የተማሩት አባታቸው የእንጨት ምድጃውን የጭስ መውጫ ሲጠርጉ ባልዲ በመያዝ ነው።

የስምንት ዓመቱ ልጅ

ይህ ሁሉ ሲታይ ያማረ ነው፤ በዚያ ቤት ግን አንድ ጭንቀት ነበር። የስምንት ዓመቱ ልጅ ማንበብ አልቻለም። ፊደሎቹን ያውቃል፤ ሲገጣጠሙበት ግን ይጠፉበታል። እኅቶቹ በስድስት ዓመታቸው አንብበዋል። አባት በጎረቤት ወዳለው ትምህርት ቤት ይግባ ይላሉ፤ እናት እስከ ገና እንታገሥ ይላሉ። ንግግሩ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በዝቅተኛ ድምፅ ይደረግ ነበር፤ እንግዳም ቢሆን መስማቱ አይቀርም።

እናቲቱ አንድ ቀን ዕቃ ስናጥብ እንዲህ አሉኝ፦ «ትምህርት ቤት ቢሆን መምህሩን እወቅስ ነበር፤ መምህሩም እኔን። እዚህ የምወቅሰው ሰው የለኝም።»

ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። በየጧቱ ሃያ ደቂቃ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ አስይዘው ጮኾ ያስነብቡታል። ሲሳሳት አይቈጡም፤ ቃሉን ከፍለው ይደግሙለታል። ከሰዓት በኋላ የፖሙን ዕቃ ምልክት የሚጽፈውና የሚያነብበው እርሱ ሆነ። ስለ ንባብ ችግር የሚያውቁ አንዲት መምህርትም እንዲያዩት ቀጠሮ ያዙለት። በኅዳር መጨረሻ፣ በአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ማግስት፣ ለታናሽ ወንድሙ አንድ ገጽ የሕፃናት መጽሐፍ ሲያነብ ሰማሁት። እየተደናቀፈ ነበር፤ ግን አነበበው። ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ ይቈይ የሚለው እኔ እስክሄድ ድረስ አልተወሰነም ነበር።

ዋጋው

እናቲቱ የነርስነት ሥራቸውን ስለ ተዉ ቤቱ በአንድ ደመወዝ ይኖራል። መኪናው አሮጌ ነው፤ ልብሱ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። ሲታመሙ የሚተካቸው የለም። ልጆቹ ከእኩዮቻቸው እንዳይለዩ በየዓርቡ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ወላጅ ኬሚስትሪ፣ መዝሙር የሚያውቅ መዝሙር ያስተምራል።

አሠራሩን የሚነቅፉም አሉ፤ ነቀፋቸውም ከንቱ አይደለም። ቁጥጥር በሌለበት ስፍራ የማያስተምር ወላጅ ልጁን በድንቁርና ሊያስቀረው ይችላል። በቤቱ የሚጐዳ ልጅም ቢኖር ጉዳቱን የሚያይ መምህር የለውም። ጀርመን ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ስለምታስገድድ ይህን አሠራር በአጠቃላይ አትፈቅድም።

ለእኛስ?

በአገራችን ልጆቻችሁን በቤት አስተምሩ ማለት ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይሆን ነገር ነው። ብዙ ወላጆች ራሳቸው አልተማሩም፤ ውሎአቸውም የዕለት ጉርስ በመፈለግ ያልቃል። ትምህርት ቤት የግድ ያስፈልገናል። ነገር ግን በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስድሳና ሰባ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ በየቀኑ ሊሰማ አይችልም። ያ የስምንት ዓመት ልጅ እንዲህ ባለ ክፍል ቢቀመጥ ማን ያገኘው ነበር?

ስለዚህ ከዚያ ቤት ልንወስድ የምንችለው ያቺን ሃያ ደቂቃ ነው። ያልተማረች እናትም ልትሰጠው ትችላለች። ልጇን «ና፣ አንብብልኝ» ብላ አጠገቧ ብታስቀምጠው፣ ቃሉን ባታውቀው እንኳ ሲደናቀፍና ሲዘል ትሰማለች፤ ለመምህሩም «ልጄ አልቀናውም» ብላ ትነግረዋለች።

ሥራውም ትምህርት ሊሆን ይችላል። በኅዳር አዝመራው ሲደርስ ብዙ ልጆች ወፍ ለመጠበቅና ነዶ ለመሰብሰብ ከክፍል ይቀራሉ። መቅረቱን በተቻለ መጠን መቀነስ ይገባል። ቅዳሜ ማሳ ላይ የዋለ ልጅ ግን ነዶውን ቢቈጥር፣ በአንድ ክምር ስንት እንደሚገባ ቢያሰላ፣ ኩንታሉ 100 ኪሎ ከሆነ ለዓመት ቀለብ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ ከአባቱ ጋር ቢያስብ ሒሳብ ተማረ ማለት ነው።

በከተማ የምትኖሩ ደጋፊዎቻችንም ይህን ልታስቡበት ይቻላችኋል። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይውላል። አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱ ወጣቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት ሕፃናት ይዘው ለአንድ ሰዓት ቢያስነብቡ የሚጠይቀው ገንዘብ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ጥቂት የመማሪያ መጻሕፍትና ሳያቋርጥ የሚመጣ ሰው ይበቃል። ከዚያም በፊት ዛሬ ማታ በቤታችሁ ካለው ልጅ ጀምሩ። መጽሐፉን አምጥቶ አንድ ገጽ ጮኾ ያንብብላችሁ፤ እናንተም እስኪጨርስ ድረስ ሳትነሡ ስሙት።