ጀርመን ውስጥ «ጊፍት» የሚል ዕቃ ካያችሁ እንዳትከፍቱት

እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው «ጊፍት» ስጦታ ነው። ጀርመን ሱቅ ገብታችሁ «ራተንጊፍት» የሚል ካርቶን ብታዩ ግን ለአይጥ የተዘጋጀ ስጦታ አይደለም፤ የአይጥ መርዝ ነው። በጀርመንኛ «ጊፍት» ማለት መርዝ ነው፣ በቃ።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ጣጣ አለው። ለምሳሌ ጀርመን ወዳለ የትዳር አጋሩ የሚሄድ ሰው ቪዛ ለማግኘት በአብዛኛው ኤ1 የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና ማለፍ አለበት። አብዛኞቻችን ደግሞ ጀርመንኛ የምንጀምረው ትምህርት ቤት ባገኘናት እንግሊዝኛ ተደግፈን ነው። ድጋፉ ይጠቅማል፤ የሚከዳበት ቦታ ግን አለ።

እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ደች፣ ስዊድንኛ፣ ዴንማርክኛና ኖርዌይኛ ዘመዳሞች ናቸው። ከ2000 ዓመት በፊት ገደማ በደቡብ ስካንዲኔቪያና በሰሜን ጀርመን አካባቢ ይነገር ከነበረ አንድ ቋንቋ ነው የወጡት። ስለዚህ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ቃላት በአጋጣሚ አልተመሳሰሉም። አንድ የነበረው ቃል በየሀገሩ ሌላ ትርጉም ያዘ እንጂ።

«ጊፍት»ን እንይ። መነሻው «መስጠት» የሚለው ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው «ጊቭ»፣ ጀርመንኛው «ጌበን»። ድሮ ጀርመንኛም ውስጥ «ጊፍት» ስጦታ ነበር። ታዲያ እንዴት መርዝ ሆነ? ግሪኮች ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን «ዶሲስ» ይሉ ነበር፣ «መስጠት» ማለት ነው። እኛም ዛሬ «ዶዝ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ጀርመኖቹም በዚሁ መንገድ ለሰው የሚሰጠውን መድኃኒት «ጊፍት» አሉ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ መርዙን በስሙ ላለመጥራት ያው ቃል መሸፈኛ ሆነ። እኛስ ጋ «መድኃኒት አብልተውት ነው» ሲባል ፓራሲታሞል የሚያስብ ሰው አለ? ያው ነው። የድሮው ትርጉም ዛሬም «ሚትጊፍት» በሚለው ቃል ውስጥ ቀርቷል፤ ሙሽራ ከቤተሰቧ ይዛ የምትመጣው ሀብት ማለት ነው።

ስዊድን ስትደርሱ ይብሳል። ያው አጻጻፍ «ዪፍት» ተብሎ ይነበብና ሁለት ትርጉም አለው፦ አንዱ መርዝ፣ ሌላው ያገባ ሰው። ስዊድኖች ራሳቸው ይቀልዱበታል። የትዳሩ ትርጉም ግን ለኛ እንግዳ አይደለም። አባት «ልጄን ለእሱ አልሰጥም» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን። በጥንቱ እንግሊዝኛም ቃሉ ሙሽራው ለሚስቱ የሚከፍለው ጥሎሽ ነበር።

ሌላው «ስሊም» ነው። በእንግሊዝኛ ቀጭን፣ በደች ብልህ። በጀርመንኛ ደግሞ «ሽሊም» ይባላል፣ መጥፎ ማለት ነው። ሐኪም አይቷችሁ «ኒኽት ሽሊም» ካለ «አይከፋም» ማለቱ ነው እንጂ ወፍራም ናችሁ አላለም። የሦስቱም መነሻ «ጠማማ» የሚል ቃል ነው። ጀርመኖቹ እንደኛ «ጠማማ ሰው» ወደሚለው ወሰዱት፣ ደቾቹ ከተንኮለኛ ወደ ብልህ። እንግሊዞቹ ቃሉን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከደች ተውሰው ቀጭን አደረጉት።

ፈተና ላይ የሚያጠምዱት ግን ከነዚህ ያጠሩት ናቸው። በእንግሊዝኛ «ሁ» ማን፣ «ዌር» የት ነው። በጀርመንኛ «ቬር» ማን፣ «ቮ» የት! ልክ ሆን ብለው የተቀያየሩ ነው የሚመስለው። «ኢኽ ቪል» ደግሞ «ወደፊት አደርጋለሁ» ሳይሆን «እፈልጋለሁ» ነው። «ቤኮመን» የእንግሊዝኛውን «ቢካም» ቢመስልም «ማግኘት» ማለት ነው፤ ሬስቶራንት ገብቶ በእንግሊዝኛ «ስቴክ መሆን እችላለሁ?» ብሎ ያዘዘው ጀርመናዊ ቀልድ ከዚህ የመጣ ነው።

እርስ በርሳቸውም ይሸዋወዳሉ። የደች ተናጋሪ «ኢክ ቤል የ» ካላችሁ «እደውልልሃለሁ» ነው፣ ጀርመንኛ ላይ «ቤለን» የውሻ ጩኸት ነው። ኖርዌይ ውስጥ «ፍሮኮስት» ቁርስ ነው፣ ዴንማርክ ውስጥ ምሳ! ቃሉ ሲፈታ «የማለዳ ምግብ» ነው፤ ዴንማርኮች ከጊዜ ጋር ወደ ቀትር አዘገዩት። ለፍሮኮስት የተቀጣጠሩ ኖርዌጂያዊና ዴንማርካዊ ሰዓቱን ካልተነጋገሩ አንዱ መራቡ ነው።

ታዲያ እንግሊዝኛችንን እንጣለው? አይደለም። ከወንድሙ ጋር ተረት በመሰብሰብ የሚታወቀው ያኮብ ግሪም የቋንቋ ተመራማሪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ በነዚህ ቋንቋዎች መካከል ድምፆች በሥርዓት እንደሚቀያየሩ አሳይቷል። የእንግሊዝኛው «ት» ጀርመንኛ ጋ ብዙ ጊዜ «ስ» ይሆናል፦ «ዋተር» «ቫሰር»። «ፕ» «ፍ» ይሆናል፦ «ሺፕ» «ሺፍ»። «ድ» ደግሞ «ት»፦ «ድሪንክ» «ትሪንከን»። ይህንን ከያዛችሁ አይታችሁ የማታውቁትን ቃል መገመት ትጀምራላችሁ። ዝምድናውን እንጂ ትርጉሙን ግን አይነግራችሁም። በዚሁ ሕግ «ዲር» «ቲር» ይሆናል፤ እንግሊዝኛው አጋዘን ብቻ፣ ጀርመንኛው ማንኛውም እንስሳ። ስለዚህ መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ክፈቱ።

ይሄ የጀርመኖቹ ቤተሰብ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኛው አማርኛ ዘመዶች የሆኑት ዕብራይስጥና ዐረብኛም አላመለጡም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት «ቤተልሔም» ይባላል፣ በዕብራይስጥ «ሌኼም» ዳቦ ነውና። ዐረብ ሀገር ያላችሁ ግን «ላሕም» ሲባል ምን እንደሚቀርብላችሁ ታውቃላችሁ፦ ሥጋ። እዚያች ጌታ የተወለደባት ከተማ ስም ዕብራይስጥ ለሚያውቅ ዳቦ ቤት፣ ዐረብኛ ለሚያውቅ ሥጋ ቤት ነው።