የባሕርና የሕንፃ ፎቶግራፍ በቤታችን ግድግዳ

ወደ ሰው ቤት ገብተን የሳሎኑን ግድግዳ ስንመለከት ብዙ ጊዜ የምናገኘው የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፥ ቅዱስ ሥዕልና የቀን መቍጠሪያ ነው። የባሕር ወይም የሕንፃ ፎቶግራፍ ቢኖርም ለጌጥ ብቻ የተገዛ ስለ ኾነ፥ ቦታው የት እንደ ኾነ ባለቤቱ እንኳ አያውቀውም። በዚህ ነገር እኛም የምንወቀስበት ጥፋት ስላለብን፥ ስለ አመራረጡና ስለ አሰቃቀሉ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ባሕርን ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰማይና ውኃ የሚገናኙበት መስመር፥ ይኸውም አድማስ፥ ጥቂት እንኳ ቢያዘነብል ባሕሩ ወደ አንድ ወገን የሚፈስ ይመስላልና ዓይን ዕረፍት አያገኝም። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገር ያሉትን ባሕሮች ሲያነሣ፥ አድማሱን በፎቶግራፉ እኩሌታ ላይ እያሳረፈ፥ መርከብም ሰውም ሳይጨምር ነው። ሰማይና ውኃ ብቻ! እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ በባዶ ግድግዳ ላይ ብቻውን ሲሰቀል ያምራል።

ሕንፃ ሌላ ጠባይ አለው። አንሺው ከሥሩ ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ ቢያቀና ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ስለዚህ ራቅ ብሎ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይገባል። ጁሴፔ ፔታዚ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1938 በአሥመራ የተሠራው የፊያት ታልየሮ የነዳጅ ማደያ፥ በግራና በቀኝ ያለ ምሰሶ የተዘረጉ የኮንክሪት ክንፎች አሉት። ቀርቦ ያነሣው ሰው ክንፎቹን ይቈርጣቸዋል።

ባሕርና ሕንፃ በአንድነት የሚገኙባት ግን ምጽዋ ናት፤ በትግርኛ ባጽዕ እንላታለን። የጥንት ቤቶቿ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ የእንጨት ሰገነትም አላቸው። ቀትር ላይ ብርሃኑ ነጭ ኾኖ ዓይን ይወጋል፤ ማለዳ ግን ፀሐይ በባሕሩ ወገን ስለምትወጣ የድንጋዩ ሸካራነት አንድ በአንድ ይታያል።

ከአባታችን የወረስነው ባለ ቀለም ፎቶግራፍ እንዲህ ያለውን ቤት ከነባሕሩ የሚያሳይ ነበር። እኛም እንግዳ ኹሉ እንዲያየው ብለን በመስኮቱ ትይዩ ሰቀልነው። ፀሐይ በየቀኑ ስላገኘው፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰማያዊው ቀለም ጠፍቶ ባሕሩ የደረቀ ሜዳ መሰለ። እንደገና እንዳናስነሣው፥ እ.ኤ.አ. በ1990 በምጽዋ በተደረገው ጦርነት ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ያም ቤት አብሮ ፈርሷል። ኔጋቲቩንም ፈልገን አላገኘነውም።

እንግዲህ ፎቶግራፍ የሚሰቅል ሰው ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ትቶ በጎን ያለውን ይምረጥ፤ ኔጋቲቩንም ከሙቀትና ከርጥበት አርቆ ያስቀምጥ። እኛ ያን ፎቶግራፍ አልጣልነውም። ዛሬ ፀሐይ በማይደርስበት መተላለፊያ ተሰቅሏል፤ ጠጋ ብሎ ለሚያየው ሰው የሰገነቱ እንጨት አሁንም ይታያል።