የቤት ኢንተርኔትና የረጅም ጊዜ ውል

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ሽንፋ ተዛውሮ ቤት ሲከራይ፣ «ስንት ዓመት ትቀመጣለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ በእርግጥ ሊመልስ አይችልም፤ የዝውውር ደብዳቤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና። ታዲያ ለቤቱ ያልተዋዋለውን ዘመን ለኢንተርኔት ስለ ምን ይዋዋላል?

እንደሚታወቀው፣ ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከገባበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን ሻጩ የመንግሥቱ ቴሌ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ በመጀመሩ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ ተገኘ፤ ይሁን እንጂ መስመሩ በየቀበሌው እኩል ይሠራል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚፈተነው መስመሩ ነው። የአንድ ቀን ጥቅል ገዝቶ፣ በሚያድሩበት ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን በሚከፍትበት በምሽት ሰዓት መሞከር ይገባል። ካረካ የሳምንት፣ ቀጥሎም የወር ጥቅል መግዛት ነው። ስልክ ራሱ ለኮምፒዩተር መስመር ስለሚያካፍል፣ የዋይፋይ መሣሪያ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም፤ ከተገዛም የማንኛውንም ድርጅት ሲም የሚቀበለውን መምረጥ ይበጃል።

እርግጥ ነው፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ነገር ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ አይዘነጋም። እንዲህ ባለው ጊዜ የወር ከፋይ የሚያጣው ቢበዛ የወሩን ነው፤ የዓመቱን አስቀድሞ የከፈለ ግን ገንዘቡን ለማስመለስ ደጅ ሊጠና ነው።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ ውል ከመፈረም በፊት መውጫውን መጠየቅ ለደመወዝተኛ ሁሉ ይጠቅማል።